ከመተማ ቆላ እስከ ቧሂት ውርጭ፦ ፕሮግራም የሚደረግ የሞተር ኮምፒዩተርን በደጋ አገር ስለ መግጠም፣ ሽቦውን ስለ መዘርጋትና ስለ ማስተካከል

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ካርቡራተር ባላት አሮጌ መኪና ላይ ፕሮግራም የሚደረግ የሞተር ኮምፒዩተር ስለ መግጠም ነው። ዕቃው ራሱ አዲስ አይደለም። በሌላው ዓለም ወጣቶች በየጓሯቸው ሲገጥሙት ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔን ወደዚህ ርእስ የሳበኝ ግን የምንኖርበት ምድር ነው። ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይህን ኮምፒዩተር በትክክል ማስተካከል የሚቻለው እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው፤ ቀሪው ግማሽ መተማ ላይ ይገኛል። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጊዜው ጥቂት ልበል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ አክብዶት ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱ መልካም ነው፤ እሱን ለመከራከር አልቆምሁም። ነገር ግን ከአዘዞ እስከ አራዳ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ በየመንገዱ የምናያቸው ኮሮላዎችና ሃይሉክሶች ነገ ጠዋት አይጠፉም። የባለቤታቸው መተዳደሪያ ናቸውና ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ይሠራሉ። የካርቡራተር መለዋወጫ ግን በየዓመቱ እየጠፋ ነው፤ የሚገኘውም አብዛኛው ጥራቱ የወረደ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም።

ወደ አየሩ እንግባ። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የመደበኛ ከባቢ አየር ቀመርን ብንጠቀም 700 ሜትር ላይ፣ ማለትም በመተማ ዮሐንስ አካባቢ፣ 93 ይሆናል። ጎንደርን 2,150 ሜትር ብንይዛት 78፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ 71 ከግማሽ ያህል፤ ከጨነቅ ወደ ቧሂት በሚወጣው መንገድ 4,200 ሜትር ላይ ደግሞ 60 ኪሎፓስካል ብቻ ይቀራል። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ምድር ለሞተር አራት የተለያዩ አየሮች ማለት ነው። ውኃ እንኳ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በሰሜን ተራሮች ላይ ንፍሮ የቀቀለ ሰው ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል።

ካርቡራተር ይህን ለውጥ የሚያይበት ዓይን የለውም። አየሩ ሲሳሳ በካርቡራተሩ ጉሮሮ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ይቀንሳል፤ የሚሳበው ቤንዚን ግን የሚቀንሰው በአየሩ ጥግግት ልክ ሳይሆን በጥግግቱ ካሬ ሥር ልክ ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በትክክል የተስተካከለ ካርቡራተር ጎንደር ሲደርስ ድብልቁን 10 በመቶ ያህል ነዳጅ ያበዛበታል። 14.7 ክፍል አየር ለ1 ክፍል ቤንዚን የነበረው ወደ 13.2 ይወርዳል፤ 4,200 ሜትር ላይ ደግሞ ከ12 በታች ይሆናል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክማል። የከተማችን መካኒክ ይህን አይቶ የነዳጁን ቀዳዳ ያጠብበዋል፤ መኪናዋም ጎንደር ላይ ደስ ትላለች። ከዚያ ባለቤቷ ሰሊጥ ሊጭን ወደ መተማ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ይወፍራል። የቆላው ሙቀት ልዩነቱን ቢያጠብበውም ድብልቁ 5 እና 6 በመቶ ያህል ነዳጅ ያንሰዋል። ጭነት፣ ሙቀትና የነዳጅ እጥረት ሲገናኙ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ መጨረሻውም የተበሳ ፒስቶን ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን እያልን የምንናገረው ሁሉ የጣሊያን ቃል ነው። የሊማሊሞን መንገድ ከቆረጡት ሰዎች ጋር የገባ ቋንቋ ነው። ለኮምፒዩተሩ ክፍሎች ግን ጋራዡ ገና የራሱን ስም አላወጣም። ስም ያልወጣለት ዕቃ ለመለማመድ ይከብዳልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ አጭር ነው። ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ምን ያህል አየር እንደሚስብ፣ ምን ያህል እንደሞቀ ይለካል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ኢንጀክተር ለስንት ሚሊሰከንድ እንደሚከፍትና ካንዴላውን መቼ እንደሚያቀጣጥል ይወስናል። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ ጄትሮኒክ ብሎ በቮልስዋገን ላይ ሲያወጣው አየሩን የሚገምተው ከማኒፎልድ ግፊት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞትሮኒክ ነዳጁንና ማቀጣጠያውን በአንድ ሳጥን አዋሐደ። ለእኛ ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ቦውሊንግና ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሜጋስኩዊርት የተሰኘውን ኮምፒዩተር ማንም ገጣጥሞ ሊሠራው በሚችል መልክ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ስፒዱይኖ ደግሞ የተመሠረተው ተማሪዎቻችን ለላቦራቶሪ ሥራ በሚጠቀሙበት አርዱይኖ ሜጋ ላይ ነው። ንድፉም ፕሮግራሙም ክፍት ስለሆነ አንብበን ልንረዳው፣ ተረድተንም ልናስተምረው እንችላለን።

የኮምፒዩተሩ ልብ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ገበጣ የተጫወታችሁ ሁሉ በቀላሉ ታዩታላችሁ። በአግድም የሞተሩ ፍጥነት ተደርድሯል፣ በቁም የማኒፎልዱ ግፊት፤ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ሲሊንደሩን ምን ያህል በአየር እንደሚሞላ የሚገልጽ ቁጥር ተቀምጧል። ኮምፒዩተሩ ቤቱን ያገኛል፣ ቁጥሩን ያነሣል፣ ከአየሩ ግፊትና ሙቀት ጋር አባዝቶ ነዳጁን ይወስናል።

ምሳሌ እንውሰድ። 4ኬ የሚባለው የቶዮታ ሞተር 1290 ሲሲ ነው፤ ለአንድ ሲሊንደር 322 ሲሲ ያህል ይደርሳል። ሲሊንደሩ 80 በመቶ ይሞላል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የምንፈልገው ድብልቅ 13 ለ1 ነው፣ ኢንጀክተሩም በደቂቃ 200 ሲሲ ያፈሳል እንበል። ጎንደር ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት ሲሊንደሩ 0.24 ግራም አየር ይይዛል፤ ኢንጀክተሩ 7.4 ሚሊሰከንድ ይከፈታል። መተማ ላይ በ40 ዲግሪ 8.3 ሚሊሰከንድ፤ 4,200 ሜትር ላይ በ5 ዲግሪ 6 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በዚህ ላይ ኢንጀክተሩ ራሱ ለመከፈት የሚያባክነው 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨመርበታል። እንግዲህ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ነዳጁ ከሩብ በላይ ይለዋወጣል ማለት ነው። ካርቡራተር ይህን በአንድ ቀዳዳ እንዲፈታው መጠየቅ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህን ሠንጠረዥ ማን ይሞላዋል? የሚሞላው መኪናዋን እየነዱ በኦክስጅን ሴንሰር ድብልቁን በማንበብ፣ ቤት ለቤት በማረም ነው። ነገር ግን ቱርቦ የሌለው ሞተር ከከባቢው አየር በላይ ግፊት በማኒፎልዱ ሊያገኝ አይችልም። ጎንደር ላይ ነዳጅ መስጫውን ወለል ድረስ ብትረግጡት ግፊቱ ከ78 አያልፍም፤ በተግባር እንዲያውም ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ከ80 እስከ 100 ያሉት የላይኞቹ ረድፎች ጎንደር ላይ በፍጹም አይነኩም። አስተካካዩ መቶ ጊዜ ፋሲል ግንብን ቢዞር እነዚያ ቤቶች ሲጀመር እንደነበሩ ይቀራሉ። ከሌላ አገር የተወሰደ ግምት ወይም የኮምፒዩተሩ የራሱ ጥርጣሬ ብቻ ነው በውስጣቸው ያለው። መኪናዋ ግን ሥራው ሁሉ አልቆ፣ ሚኒሞው ጸጥ ብሎ፣ ጭሱ ጠፍቶ ለባለቤቷ ትሰጣለች። ባለቤቷም መተማ ወርዶ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ወደ ጭልጋ የሚመለሰውን ዳገት ሲጀምር፣ ማንም ባልሞከረው ቤት ውስጥ በ93 ኪሎፓስካል ይገኛል። በጣም በሚሞቅበትና በጣም በሚጨነቅበት ሰዓት።

የማቀጣጠያው ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው፤ ጉዳቱ እንዲያውም ይብሳል። በሳሳ አየር ውስጥ ነበልባሉ ስለሚዘገይና የማንኳኳት አደጋው ስለሚቀንስ ደጋ ላይ ካንዴላውን ቀደም አድርጎ ማቀጣጠል ይጠቅማል። ይህን ልማድ ይዞ የላይኞቹን ረድፎችም በዚያው ልክ የሚሞላ ሰው ሞተሩን ቆላ ላይ ይገድለዋል። ምክሬ ቀላል ነው፦ ያልተሞከሩ ረድፎች ለጥንቃቄ ይሞሉ፤ ነዳጁ በጥቂቱ ይብዛ፣ ማቀጣጠያው ወደ ኋላ ይዘግይ። ከዚያ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን መኪናዋ ወደ ቆላ ወርዳ ሥራው እዚያ ይጠናቀቅ። እስከዚያ ድረስ ለባለቤቷ አልቋል ሊባል አይገባም።

ሌላም ወጥመድ አለ። አየሩን ከማኒፎልድ ግፊት ሳይሆን ከነዳጅ መስጫው አከፋፈት ብቻ የሚገምቱ አሠራሮች አሉ፤ እነዚህ የከባቢውን ግፊት ለብቻው ማወቅ አለባቸው። ብዙዎቹ ርካሽ ኮምፒዩተሮች ይህን የሚለኩት ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው፤ ያችን አንዲት ንባብም እስከሚቀጥለው ቁልፍ ድረስ ይዘው ይቆያሉ። ሜዳ አገር ላይ ይህ ችግር የለውም። የእኛ ሾፌር ግን መተማ ላይ ሞተሩን ያስነሣና ሳያጠፋ ደባርቅ ድረስ ሊወጣ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ አሁንም መተማ ያለ ይመስለዋልና ነዳጁን 30 በመቶ ያበዛዋል። ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው። በውርጭ ጠዋት ደባርቅ ላይ ያስነሣ ሰው ሊማሊሞን ወርዶ፣ ሳያጠፋ ከታች ያለውን ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ነዳጅ አጥሮት ይሠራል። በማኒፎልድ ግፊት የሚሠሩትም ቢሆኑ ስህተቱ ያንስላቸዋል እንጂ አይጠፋላቸውም፤ ደጋ ላይ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሳሳ አየር በቀላሉ ስለሚወጣ ሲሊንደሩ በዚያው የማኒፎልድ ግፊት ትንሽ የበለጠ ንጹሕ አየር ይይዛል። መፍትሔው ለከባቢው አየር ብቻ የተመደበ፣ ሁልጊዜ የሚያነብ ሁለተኛ የግፊት ሴንሰር ነው። ለእኛ አገር ይህ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን ግዴታ ነው እላለሁ።

ሽቦውን በተመለከተ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን ይወዳሉ፣ ሽቦውን ይንቃሉ። ሞተር ግን በአብዛኛው የሚቆመው በሽቦ ነው። ከሁሉ በላይ ግራውንዱን ተጠንቀቁ። የኢንጀክተሮችና የቦቢናው ግራውንድ ብዙ አምፔር ይሸከማል፤ የሴንሰሮች ግራውንድ ደግሞ ምንም ሊሸከም አይገባም። ሁለቱን በአንድ ሽቦ ካሰራችሁ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ጥቂት ቮልት በሴንሰሩ ንባብ ላይ ይደመራል። እስከ 1 ባር የሚለካ የግፊት ሴንሰር ላይ 0.1 ቮልት ማለት 2 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በጎንደር ከፍታ ይህ ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ኮምፒዩተሩ በአንዲት ክፉ ግራውንድ ምክንያት መኪናዋን ወደ ቆላ አውርዶ ያያታል፤ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ደግሞ ስህተቱ ይለዋወጣል። የሴንሰሮች ግራውንድ ተሰብስቦ ወደ ኮምፒዩተሩ ብቻ ይመለስ፤ የኃይሉ ግራውንድ በሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ አንድ ቦታ ይታሰር። በቦዲው ላይ ቡሎን ባገኙበት ማሰር ክልክል ነው።

ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው በክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ የሚታሰር ጥርሳም ጎማ ነው። የተለመደው 36 ጥርስ ሊኖረው ሲገባ አንዱ የጎደለበት ነው፤ እያንዳንዱ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው፣ የጎደለው ቦታ ምልክት ነው። ማግኔታዊ ሴንሰር ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ከተገለበጡ ሞተሩ ሊነሣ ይችላል፤ ማቀጣጠያው ግን ቦታውን ይስታል። ስለዚህ ምንም ነገር ከማስተካከላችሁ በፊት ኮምፒዩተሩ ማቀጣጠያውን በ10 ዲግሪ እንዲያቆመው እዘዙና በታይሚንግ ላይት ፑሊውን ተመልከቱ። ፍጥነቱን ስትጨምሩ ምልክቱ ከሸሸ ሽቦው ወይም ቅንብሩ ተሳስቷል። የሴንሰሩ ሽቦ ሽፋን ያለው ይሁን፤ ሽፋኑ በኮምፒዩተሩ በኩል ብቻ ግራውንድ ይደረግ፤ ከካንዴላ ሽቦዎችም ይራቅ።

ነዳጁ ሌላ ዓለም ነው። የካርቡራተር ፓምፕ ከ0.3 ባር ብዙም አይበልጥም፤ ኢንጀክተር ግን 3 ባር ይፈልጋል። ለካርቡራተር የተሠራ የጎማ ቱቦ በዚህ ግፊት ይፈነዳል፣ ቤንዚኑም በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። በዚህ ላይ ቁጠባ የለም። የፓምፑ ሪሌይ በኮምፒዩተሩ ይታዘዝ እንጂ በቀጥታ ከቁልፉ አይሳብ፤ ኮምፒዩተሩ ቁልፉ ሲከፈት ለ2 ሰከንድ ያህል ፓምፑን አስነሥቶ፣ ሞተሩ ካልዞረ ያጠፋዋል። ሊማሊሞ ላይ የተገለበጠች መኪና ውስጥ ፓምፑ እየሠራ ከቀረ ምን እንደሚሆን መግለጽ አያስፈልገኝም።

ከታዳሚዎች የተነሡ ሁለት ጥያቄዎችና የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከአንዲት የ4ኛ ዓመት ተማሪ)፦ ቪትዝና ሌሎች ከፋብሪካ ኢንጀክሽን ይዘው የመጡ መኪኖች ላይስ ይህን መግጠም ይጠቅማል?

መልስ፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። አይጠቅምም፤ እንዲያውም ይጎዳል። የፋብሪካው ኮምፒዩተር ከፍታን እንዲያስተካክል ተደርጎ በባለሙያዎች ለዓመታት ተፈትኗል፤ በኦክስጅን ሴንሰሩም ራሱን ያርማል። በእነዚያ መኪኖች ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሴንሰር ወይም የሽቦ ብልሽት ነውና እሱን ፈልጎ ማግኘት ይሻላል። እኔ የተናገርሁት ካርቡራተር ስላላቸውና ኮምፒዩተራቸው ተቃጥሎ ምትክ ስለጠፋላቸው ነው።

ጥያቄ (ከአንድ አንጋፋ መካኒክ)፦ ካርቡራተር መንገድ ላይ ቢደፈን ፈትቼ፣ በአፌ ነፍቼ እሄዳለሁ። ይህ ሳጥን ሊማሊሞ መካከል ቢያቆመኝ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እኔም እዚህ ላይ ቀላል መልስ የለኝም። ሳጥኑን በአፍ መንፋት አይቻልም፤ ይህን ካርቡራተሩ ይበልጠዋል። ሆኖም መንገድ ላይ የሚያቆመው ሳጥኑ ራሱ ብዙም አይደለም፤ የክራንክ ሴንሰሩ፣ ሪሌዩ፣ ፊውዙና የላላ ማገናኛው ናቸው። እነዚህ አራቱ በኪስ ይያዛሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሽቦውን ካርታ፣ የትኛው ቀለም ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ዳሽቦርዱ ውስጥ ያስቀምጡ። እርስዎ የገጠሙትን ሌላ መካኒክ ዳባት ላይ መፍታት መቻል አለበት። የሠንጠረዡም ቅጂ በፍላሽ ከመኪናዋ ጋር ይኑር፤ ባለቤቷ የከፈለበት ሥራ ነውና በአስተካካዩ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም። ከዚህ ቀደም ያሉትን ሁሉ ካላሟላ፣ ሾፌሩ በየሳምንቱ ሊማሊሞን የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ካርቡራተሩን እንዲያቆይ ይምከሩት።